ስኬል አንድ ለአንድ

ቦሌ ውስጥ፣ ካሜራ ሳይነካው፣ በፀሐይ ብቻ፣ በቁመቱ ልክ ፎቶ የተነሳ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ይህን ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ላገኘሁት ሁሉ ተናግሬያለሁ። ለአለቆቼ ተናግሬያለሁ፣ ለአማቶቼ ተናግሬያለሁ፣ አንድ ጊዜማ ጥርሴን ሊነቅል አፌን ላስከፈተኝ ሐኪም መርፌው ምላሴን እስኪያደነዝዘው ድረስ ተናግሬያለሁ። «እንደ ሐውልት ነበር የተጋደምኩት፤ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አርፋ፣ ሰልችቷት ሄደች» እላለሁ። የሰማ ይገረማል። ያልተገረመውን እስኪገረም አልለቀውም።

ባለፈው ሳምንት ሰዓዳ ደወለችልኝ። ሰዓዳ የጋሽ ሙሄ ልጅ ናት፤ ጋሽ ሙሄ ደግሞ ያንን ፎቶ ያነሱኝ ሰው ናቸው።

«ጋሼ ታዴ፣ አባዬ አረፈ። ትናንት ቀበርነው። ስልክህን ያገኘሁት ገና ዛሬ ነው» አለችኝ።

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ቀልድ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። እሷው አዘነችልኝ መሰል ወሬ ቀየረች።

«ዕቃ ስናነሳሳ ደግሞ ያ አንሶላ ተገኘ። አንተ ያለህበት።»

«እሱማ ቅርስ ነው፣ ሰዓዳዬ።»

«ቅርስ ይሁን ምን አላውቅም። አክስቶቼ ዘርግተውት ‹ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ የማን ነው?› እያሉ ለቅሶ ቤቱን ሰርግ ቤት አስመሰሉት። መጥተህ ውሰድልን።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። «በቁመቱ ልክ» ካልኩት ውስጥ ልኩ እውነት ነው። ቁመቱ ላይ ግን ትንሽ ጨምሬበታለሁ። እደርስበታለሁ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ከአትላስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የጋሽ ሙሄን ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና እኔን ትችላለች፤ እንግዳ ሲመጣ ወይ እኔ ወይ ወንበሩ ውጭ እናድራለን። ዕድሜዬ ሠላሳ ሊደፍን ነው። የመኪና ጎማ መሸጫ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ፤ በእረፍት ቀኔ ግቢ ውስጥ ሰው ስነካካ እውላለሁ።

ጋሽ ሙሄ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ሰዓዳ ኮሌጅ ትውላለች። እሳቸው ለሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የፕላን ማባዣ ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ድሮ የሕንጻ ፕላን የሚባዛው በፀሐይ ነበር አሉ። ወረቀት መድኃኒት ይቀባል፣ የተሳለው ፕላን ላዩ ላይ ይደረጋል፣ ፀሐይ ላይ ይወጣል፣ በውኃ ይታጠባል፤ ከዚያ ወረቀቱ ሰማያዊ፣ መስመሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በኋላ ማሽን ተገዛና መድኃኒቱ መጋዘን ገብቶ ተረሳ። ጋሽ ሙሄ ሲሰናበቱ «ምን እናበርክትልዎ?» ቢባሉ፣ ሌላው ጡረተኛ የግድግዳ ሰዓት ሲመርጥ እሳቸው እነዚያን ሁለት ቆርቆሮ መድኃኒቶች መረጡ።

«ሰዓት ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። «ከእንግዲህ የት አረፍዳለሁ?»

በአንደኛው ቆርቆሮ ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት አለ፤ በሁለተኛው ቀይ የጠርሙስ ስብርባሪ የመሰለ ነገር። መጋረጃ ዘግተው ሁለቱን በውኃ ይበጠብጣሉ፣ በብሩሽ ወረቀት ይቀባሉ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ከኮቶቻቸው ጎን ሰቅለው ያደርቃሉ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ቅጠል፣ ቅጠሉ ላይ ከመስኮት የተነቀለ መስታወት ያደርጉና ግቢው መሃል ያሰጡታል። ቢጫ አረንጓዴ የነበረው ወረቀት ቀስ በቀስ አመድ ይመስላል። ሳፋ ውኃ ውስጥ ሲነከር ነው ጉዱ፤ ቢጫው ታጥቦ ይሄድና ሰማያዊው ብቅ ይላል፤ ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጋሽ ሙሄ ሺህ ጊዜ አይተውት ሁልጊዜ አዲስ ነው። «ማሻ አላህ፣ መጣች» ይላሉ፣ እንደ አዋላጅ እጅጌያቸውን ጠቅልለው።

ያላተሙት ነገር የለም። ጤና አዳም፣ የኮባ ቅጠል፣ የግቢው ቁልፍ፣ መቀስ፣ የኔ ማበጠሪያ ከነተሰበረው ጥርሱ። ሰውም ይሠራሉ፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ በቀለም ይስሉትና እንደ ቅጠሉ ያትሙታል። ታዲያ የሚስሉን እንደ ቤት ነው፤ የፊት ገጽታ፣ የጎን ገጽታ፣ የኋላ ገጽታ፣ በየጎኑ ሜትር ተጽፎ። እኔንማ አንድ ቀን ሆዴ ላይ በመስመር ለሁለት ቆርጠው የውስጥ ገጽታዬን ሳሉ።

«ምን አገኙ?» አልኳቸው።

«ሰፊ ነው። ክፍሎቹ ግን ገና አልተከፋፈሉም።»

ከሁሉም ሥራቸው በስተቀኝ ጥግ፣ ልክ እንደ ፕላን፣ ትንሽ ሠንጠረዥ አለች፤ የሠራው፣ ያጣራው፣ ስኬል የሚል። ፊደሏ ከቁንጫ ታንሳለች። እኔ ሰነፍ ስለሆንኩ አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ አንብቤያት አላውቅም።

የቁምሳጥን ልብሳቸው ሁሉ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበረበት፣ ጥፍራቸውም እንደዚያው። በዚህ ጥፍር የተነሳ የመጣ ጣጣ አለ። ያኔ ቡልቡላ ገና እርሻ ነበር፤ ከዚያ የመጡ አንዲት ሴትዮ ታክሲ ውስጥ ጣታቸውን አይተው እስከ ቤት ተከተሏቸው። በር ላይ ከጉያቸው አንድ እስር ወረቀት አወጡ።

«ማኅተም ያለዎ ሰው ነዎት። ጣትዎ ያስታውቃል።»

«ኧረ እኔ ማኅተም የለኝም፣ እናቴ።»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚሉት» አሉ ሴትዮዋ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው።

ጋሽ ሙሄ ወረቀቱን አንድ በአንድ አነበቡላቸው። ከዚያ በዚያ በማስመሪያ ቀጥ በሚል ጽሑፋቸው አዲስ ማመልከቻ ጻፉላቸውና በማግስቱ አብረው ሄደው ሲሰለፉ ዋሉ። ከዚያ ወዲያ «ጣተ ሰማያዊው ሰውዬ» እያለ የሚመጣው ሰው ሁለት መንደር ይሞላ ነበር ብል ትንሽ ነው ያጋነንኩት። አራት ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዚህ ሥራ ፈተናው ጊዜው ነው። ወረቀቱ ፀሐይ ካነሰው ሁሉም ታጥቦ ይሄዳል፤ ከበዛበት ቅጠሉም ሰማያዊ ይሆናል። መሥሪያ ቤት ሳሉ ሰዓት ይዞ የሚቆም አለቃ ነበራቸው። እቤት ሲጀምሩ የእጅ ሰዓት ይዘው ሞከሩ፤ ሰዓቱን ሲያዩ ወረቀቱን ይረሳሉ፣ ወረቀቱን ሲያዩ ሰዓቱን። ወር ሙሉ አንድ ደህና ቅጠል አልወጣም። ከዚያ አንድ ጠዋት የፓፓያ ቅጠል አስጥተው ሳለ፣ በአጥሩ በኩል ወይዘሮ ብርቄ ሰላም አሏቸው።

ወይዘሮ ብርቄ ጎረቤታችን ናቸው፤ ከቡታጅራ የመጡ፣ ቤታቸው ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው። ሰላምታ ከጀመሩ ደንበኛ ስኳሩ ሚዛን ላይ ሆኖ ይጠብቃል እንጂ አያቋርጡም። ሰላምታቸው ደግሞ ተርታ አለው።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሽ ሙሄ?»

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ?»

«ተመስገን። ጤናዎ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ጉልበትዎስ?»

«አለ፣ ይንቋቋል።»

«ቀኙ ነው ግራው?»

«ዛሬ ቀኙ ነው።»

«አይዞዎት። ሰዓዳስ? ትምህርቷ? ያ ሳሏስ?»

ከሰዓዳ ወደ ኮምቦልቻ ይሻገራሉ። ወንድማቸው፣ የወንድማቸው ሚስት፣ የወንድማቸው ላም፣ የላሟ ጥጃ። ከኮምቦልቻ በዝናቡ በኩል ይመለሳሉ፤ መብራቱ፣ ውኃው፣ የጣሪያው ቀዳዳ። መጨረሻው ምንጊዜም ጓሮ ያለው ፓፓያ ነው። «ፓፓያውስ ያዘልዎ?» ካሉ በኋላ «በሉ ደህና ዋሉ» ነው የሚከተለው።

ያን ጠዋት ጋሽ ሙሄ ማቋረጥ ነውር ሆኖባቸው፣ አንድ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ እንደቀረ፣ ላብ እያላባቸው ቆመው መለሱ። «ደህና ዋሉ» እንደተባሉ ሮጡ። አልቆለታል ብለው ሳፋው ውስጥ ሲነክሩት፣ ከነጅማቱ፣ ከነጅማቱ ጅማት፣ እንደዚያ ያለ ቅጠል በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። በማግስቱ ሞከሩት፣ ያው። እኔ በሰዓቴ ለካሁ፤ ሐሙስ አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ዓርብ አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሥራ ሁለት ደቂቃ።

ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ሰዓት ቀረ። ቅጠል አንድ ሰላምታ ነው። ደመና ካለ ሁለት ሰላምታ። ጋሽ ሙሄ ወረቀቱን ያሰጡና አጥሩ ጋ ሄደው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «ወይዘሮ ብርቄ፣ እንዴት አረፈዱ?» ፀሐዩ ጥሩ በሆነ ቀን እንዴት አደሩ፣ እንዴት አረፈዱ፣ እንዴት ዋሉ፣ ሁሉም በየሰዓቱ አለ። «ፓፓያ ላይ ደርሰዋል» እላለሁ እኔ ከሰርቪሴ ደጃፍ፤ ጋሽ ሙሄ አንድ እግራቸውን ለሩጫ ያዘጋጃሉ።

ወይዘሮ ብርቄ ምኑንም አያውቁም። «በዚህ ዘመን በቀን ሦስቴ ቆሞ ሰው ሰላም የሚል የት ይገኛል» እያሉ ለደንበኞቻቸው ሁሉ ይተርካሉ።

«እየተጠቀሙባቸው እኮ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን ጋሽ ሙሄን፣ ለመነካካት።

«ስለ ጉልበቴ የምመልሰው ውሸት ነው እንዴ?» አሉኝ።

አንድ ሰኞ፣ ግንቦት ከገባ በኋላ፣ ጋሽ ሙሄ እንደ ልማዳቸው አስጥተው አጥሩ ጋ ቆሙ።

«ወይዘሮ ብርቄ፣ እንዴት አደሩ?»

ከወዲያ በኩል፣

«ሰዓት ይግዙ» አሉ ወይዘሮ ብርቄ። በራቸው ሲዘጋ ተሰማ።

ሰው ነግሯቸዋል። ማን እንደሆነ ለማወቅ እኔ ብዙ ደከምኩ። በመጨረሻ «ዘበኛው ነው» አልኩ። ከፊታችን አንድ ፎቅ ይሠራ ነበር፤ በዚያ አካባቢ ፎቅ እንደ እንጉዳይ መፍላት የጀመረበት ጊዜ ነው። ዘበኛው ሦስተኛው ወለል ላይ ወጥቶ ግቢያችንን ቁልቁል ያያል። «ሁሉን ከላይ ሆኖ የሚያይ ሌላ ማን አለ?» አልኳቸው። ጋሽ ሙሄ ትንሽ አዩኝና «ይሆናል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዘበኛው የሚሰጡት ሰላምታ ከአንድ ቃል አላለፈም።

ነገሩ በክፉ ጊዜ ነው የመጣው። መድኃኒቱ ሊያልቅ ቆርቆሮው ሥር የቀረው ለአንድ አንሶላ የሚበቃ ብቻ ነበር። ክረምቱ ደርሷል፤ ክረምት ከገባ ሦስት ወር ፀሐይ የለም፣ ዱቄቱም እርጥበት ስቦ ይረጋል፣ ከዚያ ለምንም አይሆንም። አንሶላውን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቀምጠውታል፤ ባለቤታቸው ሳይጠቀሙበት የተዉት፣ ሰፊ፣ ንጹሕ ነጭ። ለምን እንዳስቀመጡት አንድ ጊዜ ነግረውኛል።

«ፕላን ላይ ሰው ሲሳል አይተህ ታውቃለህ? በር አጠገብ ይቆማል፣ ከጣት ያንሳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን ስናሳንሰው ኖርን። አንድ ቀን እንኳ ሰውን በልኩ ሳልሠራ መሞት አልፈልግም። አንድ ለአንድ።»

ስለዚህ ሰላምታው እኔ ላይ ወደቀ። አጥሩ ጋ ቆሜ በወይዘሮ ብርቄ ፈንታ ጋሽ ሙሄን ሰላም እንድል ተባለ። መሞከሪያው ቀደም ብለው ተቀብተው የቀሩ ቁራጭ ወረቀቶች ናቸው። የመጀመሪያ ቀን በአርባ ሰከንድ ጨረስኩ፤ ቅጠሉ ታጥቦ ሄደ። ሁለተኛ ቀን ላሟን ስጠይቅ ስለ ላም አንድ ቀልድ ትዝ አለኝ። ቀልዱ ሲያልቅ ወረቀቱ እንደ ሌሊት ጠቁሮ ነበር። ሦስተኛ ቀን «ተወው» ተባልኩ። በሰዓት እንሞክር አልኩና አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆጠርኩላቸው። ቅጠሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

ጋሽ ሙሄ አንጠልጥለው አዩት። «ወጥታለች» አሉ። «ግን ማን አጣራት?»

ይህን ብለው ገቡ። ሲወጡ የሠሯቸውን ሁሉ፣ አርባ የሚሆኑ ወረቀቶች፣ ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ ሱቁ ሄዱ። እኔም ለመሸምገል ተከተልኩ፤ ሰው ሲጣላ ማየት ስለምወድ ነው።

ወይዘሮ ብርቄ ስኳር እየመዘኑ ቀና ብለው አላዩንም። ጋሽ ሙሄ ክምሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ምን ላድርገው?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

«ጥጉን ያንብቡልኝ።»

መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። «የሠራው፣ ሙሄ» ብለው አነበቡ። «ያጣራው...» ቆም አሉ። «ያጣራው፣ ወይዘሮ ብርቄ።» ሁለተኛውን አነሱ፣ ያው። ሦስተኛው፣ አሥረኛው፣ ያው። እኔም በትከሻቸው በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት።

«ያጣራው ማለት ምንድን ነው?»

«በመሥሪያ ቤታችን ያጣራው ማለት አለቃ ማለት ነው። እሱ አይቶ ካላለፈ ሕንጻው አይሠራም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አለቃዎ የሆንኩት?»

«ከመጀመሪያዋ የፓፓያ ቅጠል ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰው ሰዓት መሆኑን ካወቀ ይቸኩላል።»

«ወይዘሮ፣ ስኳሬን» አለ ቆሞ የሚጠብቅ ደንበኛ።

«ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አሉት። ከክምሩ ውስጥ አንዷን መዘዙ። «ይቺ ገርጥታለች። እንዴት አለፈች?»

ጋሽ ሙሄ አንገታቸውን ደፉ። «ያን ቀን የወንድሜን ላም ሳይጠይቁ አለፉ።»

ወይዘሮ ብርቄ መነጽራቸውን አወለቁ። ሊስቁ ነው ሊቆጡ አልገባኝም፤ ለሳቸውም የገባቸው አይመስለኝም። ቀጥሎ አንሶላው ተነገራቸው፤ ክረምቱም፣ ቆርቆሮው ሥር የቀረችውም ዱቄት። ትንሽ አሰቡና ፈረዱ።

«እኔም አንሶላው ላይ እጋደማለሁ። ሰላምታውን ተጋድመን እንባባላለን።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ መሃላችን ትገባለህ። ሰው ምን ይላል።»

እንግዲህ በዚያ አንሶላ ላይ የተገኘሁት በመልኬ ሳይሆን ለጨዋነት ነው።

እሁድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ። አንሶላው ሰሌን ላይ ተዘረጋ፣ አረንጓዴ ቢጫ፣ እንደ ጎመን መረቅ። ጥጉ ላይ ጋሽ ሙሄ ሠንጠረዧን አስቀመጡ፣ እንደ ፕላኖቻቸው አብራ እንድትታተም። በግራ እሳቸው ከነቆባቸው ተጋደሙ፣ በቀኝ ወይዘሮ ብርቄ ጣታቸውን ዘርግተው፣ መሃል እኔ። «ዓይን ጨፍኑ፣ ማንም አይነቃነቅ» ተባለ። ጨፈንን።

ወይዘሮ ብርቄ እንዴት ዋሉ አላሉም።

«ሰላምታውን ሳልጀምር አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ ከቀኜ። «ማን እንደነገረኝ ለምን አልጠየቁኝም?»

ልክ በዚህች ቅጽበት፣ ለምን ተነሳህ ላለኝ ሁሉ እንደተናገርኩት፣ ከቦሌ የተነሳ ትልቅ አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊልስ ምንም ሳይቀረው አለፈ። ደነገጥኩ። ብድግ ብዬ ቁጭ አልኩ፣ ጉልበቴንም በሁለት እጄ አቀፍኩ።

አንሶላው ሲሳብ ተሰምቷቸው ይሆናል፤ ጋሽ ሙሄ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እንደተቀመጥክ ቅር፣ እንዳትነሳ፣ እንዳትተኛ» አሉኝ። ቀጥለው በኔ ማዶ ለወይዘሮ ብርቄ መለሱላቸው። «የነገረዎ ማንም ይሁን፣ ያስቀየምኩዎ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ምን ብዬ ልጠይቅ? በሉ ይቀጥሉ፣ ፀሐይዋ እየሠራች ነው።»

«እንዴት ዋሉ፣ ጋሽ ሙሄ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ጉልበትዎስ?»

እንዲህ እያሉ ኮምቦልቻ ደርሰው ተመለሱ፤ ላሟም ጥጃዋም አልተዘለሉም። እኔ መሃል ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጬ ሰላምታው ከግራ ቀኝ ያልፍብኛል። ፓፓያው ሲያልቅ የጨረስን መስሎኝ ነበር። ለካ ጨርቅ ሁለት ሰላምታ ነው። ሁለተኛውን ጋሽ ሙሄ ጀመሩት።

«እርስዎስ እንዴት ዋሉ፣ ወይዘሮ ብርቄ? ወገብዎ? ቡታጅራ ያለው ልጅዎ? እንሰቱስ? ያቺ የታመመችው እህትዎስ?»

አንድም ሳይዘሉ። ከዚያ በፊት ስለ ራሳቸው ሲመልሱ እንጂ እንዲህ ተርታውን ጠብቀው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ሁሉንም ግን ያውቁት ነበር። ወይዘሮ ብርቄ መጀመሪያ እየሳቁ መለሱ። እህታቸው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀጠነ።

አንሶላውን ለሦስት ተሸክመን በግማሽ በርሜል ውኃ ውስጥ ነከርነው። ቢጫው ታጥቦ ሄደ፤ ሰማያዊው መጣ፣ ከእስከዛሬው ሁሉ የጠቆረ። በግራ አንድ ረጅም ነጭ ሰው፣ ቆቡ ሳይቀር። በቀኝ አንዲት ደልደል ያሉ ሴት፣ አሥሩም ጣታቸው የሚቆጠር። መሃል ላይ አንድ ትልቅ ክብ ነገር፣ ከፊቱ ሁለት ተረከዝ።

ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

«ይሄ ድፎ ዳቦ የማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

«አውሮፕላኑ እኮ...»

«የምን አውሮፕላን?»

«አለፈ» አሉ ጋሽ ሙሄ ፈጠን ብለው። «አውሮፕላን አለፈ። ሰምቻለሁ።»

አንሶላው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ሰፈሩ ፈርሶ ወደ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም እስኪዛወሩ ድረስ እዚያው ነበር። የመጣ እንግዳ ሁሉ መሃል ያለው ምንድን ነው ይላል። «ተከራዬ ነው። አውሮፕላን አስደንግጦት ነው» ይላሉ ጋሽ ሙሄ። አንድ ቀን ደክሟቸው አላየሁም። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እንደ ሐውልት ተጋድሜ ነበር ስልም ሰምተው ሻያቸውን ይጠጣሉ።

ሰዓዳ በደወለች ማግስት ቡልቡላ ሄድኩ። ወይዘሮ ብርቄ ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ አርጅተዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። ሰላም አሉኝ። ጤናዬ፣ ሚስቴ፣ ልጆቼ፣ ደም ግፊቴ፣ ዝናቡ፣ መብራቱ። መጨረሻው ላይ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። አራተኛ ፎቅ ላይ ፓፓያ የለም።

ሰዓዳ አንሶላውን አምጥታ ጭናችን ላይ ዘረጋችው። በድሮው ሳሎን የቀኝ ጥጉ ሁልጊዜ ሶፋው ጀርባ ይገባ ስለነበር አይቼው አላውቅም። አሁን እጄ ላይ ወደቀ። መነጽሬን አደረግኩ። ስኬል፣ 1፡1። የሠራው፣ ሙሄ። ያጣራው፣ ወ/ሮ ብርቄ። ከሥሩ በኋላ የተጨመረ አንድ መስመር አለ። ፕላን ላይ እርማት የሚጻፈው በሶዳ ውኃ ነው፤ ሰማያዊውን ያስለቅቀውና ነጭ ይሆናል። በሶዳ ውኃ፣ በማስመሪያ ቀጥ ባለ ፊደል፣ «ነጋሪው፣ ታደሰ» ይላል።

ቀና ስል ወይዘሮ ብርቄ እያዩኝ ነው።

«እኔ አልነገርኳቸውም» አሉኝ። «ጥያቄዬን ስጠይቅ ከሦስታችን ብድግ ያልከው አንተ ብቻ ነህ።»

ያን ቀን አውሮፕላን አላለፈም። ሳሙና ልገዛ ሱቅ ገብቼ፣ ወይዘሮ ብርቄ የጋሽ ሙሄን ሰው አክባሪነት ሲያወድሱ፣ አፌን የበላኝን ቀልድ መዋጥ አቅቶኝ «ኧረ ሰዓት አድርገውዎት ነው» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ዘበኛውን ያስጠረጠርኩትም እኔ ነኝ። አንሶላውን ይዤ መጥቻለሁ፣ አሁን ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል። መሃል ላይ ያለው መቀመጫዬ ነው፤ በሕይወቴ ካወራሁት ሁሉ ሳይጋነን የቀረው እሱ ብቻ ነው።